ዶሮዋ «አቆመች» ከማለታችሁ በፊት፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

«ዶሮዎቼ እንቁላል አቆሙ፤ ምን ልስጣቸው?» ብዙ ጊዜ ሰላምታ እንኳ አይቀድመውም። እኔም መልሼ የምጠይቀው ያው ነው፤ ዕድሜያቸው ስንት ነው? ውሃው የት ነው የተቀመጠው? ትናንት ምን በሉ? ሦስቱን የሚመልስልኝ ሰው ጥቂት ነው። የገዛውን ቫይታሚን ስም ግን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል።

ከሁሉ በፊት ያለው ስህተት በእርግጥ ማቆሟን ሳያረጋግጡ መደንገጥ ነው። አንድ እንቁላል ተሠርቶ እስኪወጣ ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ የሚሄደው ለቅርፊቱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የጣለች ነገ ትንሽ አርፍዳ ትጥላለች፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የበለጠ ታረፍዳለች፤ ሰዓቱ ወደ ማምሻው ሲገፋባት አንድ ቀን ትዘላለች። ይህ ጤንነት ነው።

ሁለተኛው ጥርጣሬ መደበቅ ነው። እኔ ራሴ አንዷን ቡናማ ዶሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ሰነፍ» ስላት ከርሜአለሁ። አንድ ጠዋት ተከተልኳት። ዞር ብላ ስታየኝ ቆም ትልና መሬት ትጭራለች፤ ፊቴን ሳዞር ደግሞ ፈጠን ትላለች። መጨረሻ ላይ ከተከመረው ጣውላ ጀርባ ገባች። እጄን ሰድጄ ስዳስስ 19 እንቁላል ተቆልሏል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለጥቂት ቀናት እስከ እኩለ ቀን ድረስ ቤታቸው ውስጥ አቆዩአቸው፣ ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ጨለም ያለ፣ ጉዝጓዝ የበዛበት መጣያ ሳጥን አዘጋጁ። ሳጥኑ ውስጥ እርጥበትና የአስኳል ቅሪት ካያችሁ ደግሞ አንዷ እየበላች ነው ማለት ነው፤ ቶሎ ቶሎ ሰብስቡ።

አሁንም ከተጠራጠራችሁ ጣታችሁን ተጠቀሙ። ማታ ቆጥ ላይ እንዳለች ቀስ ብላችሁ ያዟትና ከፊንጢጣዋ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ሹል አጥንቶች ዳስሱ። በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ጣት ከገባና ፊንጢጣዋ ሰፋ ብሎ ከረጠበ እየጣለች ነው። አንድ ጣት እንኳ በጭንቅ የሚገባ ከሆነና ጠቦ ከደረቀ እውነትም አቁማለች፤ ወይም ገና አልጀመረችም።

ዕድሜን አለመጠየቅም አለ። ለእንቁላል የተዳቀሉት ቄቦች ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ፤ ሌሎቹ ብዙ ጊዜ ይዘገያሉ። ብዙ የሚጥሉት በመጀመሪያው ዓመት ነው፣ ከዚያ በየዓመቱ ይቀንሳል። «ቄብ ናት» ተብላችሁ ስትገዙ እግሯን እዩ። ቅርፊቱ ለስላሳና የተስተካከለ ከሆነ ጥሩ፤ ሻካራ ከሆነ የገዛችሁት አሮጊት ሳትሆን አትቀርም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፤ ጥሬና ትርፍራፊ።

አንድ ሰው «በደንብ እኮ ነው የማበላቸው» ብሎ አራት ዶሮዎቹን እንዳይለት ጠራኝ። ጠዋት ዳቦ፣ ቀን ሩዝ፣ ማታ በቆሎ። የእንቁላል ጣይ መኖው ከረጢት ጥግ ላይ አፉ እንደታሰረ ተቀምጧል፤ ለካ ለክፉ ቀን ነው ያስቀመጠው። አንዷን ሳነሳት እንደ ድንጋይ ከበደችኝ። ሆዷን ብዳስሰው ከቆዳዋ ሥር ወፍራም ስብ ተነጥፏል። «ልጆቼን እንኳ እንዲህ ተንከባክቤ አላውቅም» አለኝ። አላበለም። ዶሮዎቹን የጎዳቸው ያው እንክብካቤ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን የምትበላው ከ100 እስከ 120 ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ቦታ የላትም። በቆሎ ያለው ፕሮቲን 8 ወይም 9 በመቶ ቢሆን ነው፣ የጣይ መኖ ግን ከ16 እስከ 18 በመቶ ይይዛል። የአንድ እንቁላል ቅርፊት ብቻ 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይፈልጋል፤ በቆሎ ውስጥ ካልሲየም የለም ማለት ይቀላል። ታዲያ ከየት ታምጣው? መጀመሪያ ከገዛ አጥንቷ ትወስዳለች። ቀጥሎ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ አንዳንዴም ያለ ቅርፊት እንደ ውሃ ፊኛ የሚወዛወዝ እንቁላል ታገኛላችሁ። ከዚያ ታቆማለች። እናንተ ደግሞ «ደከመች» ብላችሁ በቆሎ ትጨምራላችሁ!

ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው፤ ምርጫውን ለእሷ ከተዋችሁላት ጥሬውን ትመርጣለች። ስለዚህ ከዕለት ምግቧ ከአሥር እጅ ዘጠኙ መኖ ይሁን፤ ጥሬውም፣ ትርፍራፊውም፣ ጎመኑም ተደምሮ ከአንድ እጅ አይለፍ። እሱም ከሰዓት በኋላ፣ መኖዋን ከበላች በኋላ ይሰጣት። ካልሲየሙን በሌላ ዕቃ ለብቻው አስቀምጡላት፤ የባሕር ዛጎል ስባሪ ወይም ደርቆ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይሆናል። የፈለገችው ትወስዳለች። ከመኖው ጋር አትቀላቅሉት፤ የማትጥለዋ ያለ ፍላጎቷ ትበላዋለች። የጣይ መኖ ለጫጩትና ላልደረሰች ቄብ አይሰጥም፤ የካልሲየሙ ብዛት ኩላሊታቸውን ይጎዳል።

ውሃ ላይ የምፈርደው በራሴ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ከቤት ራቅሁ። ማጠጫውን ሞልቼ ነበር የሄድኩት፤ ለካ በወጣሁ በሰዓታት ውስጥ አንዷ ገልብጣዋለች። ስመለስ ስምንቱም አፋቸውን ከፍተው ጠበቁኝ። ለሁለት ሳምንት ያህል እንቁላል የሚባል አላየሁም፤ ሁለቱ ላባቸውን አራገፉ። አንዲት ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ያህል ትጠጣለች፣ ሲሞቅ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሁለት ቦታ፣ ጥላ ሥር፣ በማይገለበጥ ዕቃ አስቀምጡ። በሙቀት ጊዜ የምታለከልክ ዶሮ መብላትም ስለምትቀንስ እንቁላሏ ቢያንስ አትገረሙ።

ብርሃን። ዶሮ ወቅቱን የምታውቀው በቀኑ ርዝመት ነው፤ በደንብ ለመጣል ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ቀኑ ሲያጥር ብዙ ዶሮዎች የሚያቆሙት ለዚህ ነው። አምፖል መጨመር ይቻላል፤ ግን ጎህ ከመቅደዱ በፊት ይብራ እንጂ ማታ ላይ አይሁን። ማታ ድንገት ሲጠፋ ቆጥ ላይ ያልወጡት ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። ሌሊቱን ሙሉ ማብራት ደግሞ እኔ የሠራሁት ሞኝነት ነው፤ እንቅልፍ ያጡ ዶሮዎች እርስ በርስ መነካከስ ጀመሩ።

ላባዋ ሲረግፍ መድኃኒት መፈለግ ሌላው ነው። በየዓመቱ ላባ ትቀይራለች፣ ሁለትና ሦስት ወር ልታርፍ ትችላለች። ላባ ማለት ፕሮቲን ነው፤ ጥሩ መኖ ስጧትና ተዉአት።

ለመታቀፍ የተቀመጠችውን «ታማለች» የሚሉም አሉ። ከሳጥኑ አትነሳም፣ እጃችሁን ስታስጠጉ ላባዋን ነፋ አድርጋ ትነክሳለች፣ ሆዷ ላይ ያለው ላባ ተነቅሏል። ይህቺ ዶሮ እናት መሆን ነው የፈለገችው፤ ጫጩት ካልፈለጋችሁ ከሥሯ አየር የሚያልፍ የሽቦ ወለል ያለው፣ ጉዝጓዝ የሌለው ቀፎ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ቀን ከመኖና ከውሃ ጋር አቆዩአት። ውሃ ውስጥ መንከር የሚባለውን ተዉት።

ቅንቅን ግን ቀን ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ቀዩ ቅንቅን ቀኑን የሚያሳልፈው በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ ማታ ወጥቶ ደም ይመጥጣል። ከመሸ በኋላ ባትሪ ይዛችሁ ግቡና በቆጡ ሥር ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ጎትቱት። ጣታችሁ በደም ከቀላ ዶሮዎቻችሁ ለምን እንደገረጡና ማታ መግባት ለምን እንደጠሉ አወቃችሁ። ዶሮዋን ብቻ ማከም አይበቃም፤ ስንጥቁን ጭምር ነው።

አውራ ዶሮ የለኝም ብሎ የሚጨነቅ ካለ፣ አውራ የሚያስፈልገው ለጫጩት እንጂ ለእንቁላል አይደለም።

አዲስ ዶሮ ገዝቶ በዚያው ቀን ከነባሮቹ ጋር መጨመር ሁለት ጣጣ አለው፤ ጠቡና በሽታው። አንድ ወር ለብቻዋ አቆዩአት። ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ ካቆሙ፣ ከዚያም ላይ ማነጠስ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ወይም የአንገት መጣመም ካለ ፈንግል ሊሆን ይችላል። ከመሳቢያ የተገኘ አንቲባዮቲክ ፈንግልን አያድንም፤ ፈንግል ቫይረስ ነው። የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

የቀረው ችኮላ ነው። አስኳል በፍጥነት አድጎ እስኪሞላ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይፈልጋል፤ ዛሬ መኖ አስተካክላችሁ ነገ እንቁላል አትጠብቁ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጧት። እኔ በጀማሪነቴ አምስት ቀን ጠብቄ አንዷን አረድኳት። ሆዷን ስከፍት አስኳሎች እንደ ወይን ዘለላ ተያይዘው ነበር፤ ትንሹ የሰናፍጭ ፍሬ ያህላል፣ ትልቁ ሙሉ አስኳል ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዝቅ ብሎ ደግሞ ቅርፊቱ የደነደነ አንድ እንቁላል፣ ገና ትኩስ፣ ለነገ ጠዋት ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።