የታይፕ ሥርዓታችሁ ጤናማ መሆኑን ለማረጋገጥ

ለፕሮግራም ቋንቋችሁ የታይፕ ሥርዓት (የትኛው የፕሮግራም ክፍል ምን ዓይነት ውጤት እንደሚሰጥ የሚወስኑ ደንቦች) ከሠራችሁ፣ ጤናማ የሚባለው ደንቦቹን ያለፈ ፕሮግራም መሃል መንገድ ላይ ተሰናክሎ የማይቀር ሲሆን ነው። ይህን ለማረጋገጥ መጀመሪያ ቋንቋውን አሳንሱት፦ ቡሊያን (እውነት ወይም ሐሰት)፣ «ኢፍ»፣ ፈንክሽንና የፈንክሽን ጥሪ ይበቃሉ። ሰዋስዉን፣ የስሌት እርምጃ ደንቦቹንና የታይፕ ደንቦቹን በአንድ ገጽ ጻፉ።

የሚረጋገጡት ሁለት ናቸው። ፕሮግረስ፦ ነፃ ተለዋዋጭ (ምን እንደሆነ ያልተገለጸ ስም) የሌለበት፣ ታይፕ ያለው ቃል (የፕሮግራም አገላለጽ) ሁሉ ወይ ዋጋ (ስሌቱ ያለቀ ውጤት) ነው፣ ወይ አንድ እርምጃ ይራመዳል። ፕሪዘርቬሽን፦ ከእርምጃው በኋላም ታይፑ ያው ነው።

ፕሮግረስ ብዙ አያስቸግርም፤ ኢንዳክሽኑን (ከትንሹ ክፍል ወደ ትልቁ የሚሄደውን ማረጋገጫ) የቃሉን ታይፕ ከደንቦቹ ባወጣችሁበት ዛፍ ላይ አድርጉት። ነፃ ተለዋዋጭ ከፈቀዳችሁ ግን ይፈርሳል፤ ብቻውን የቆመ «ኤክስ» ዋጋ አይደለም፣ አይራመድምም።

ጉልበት የሚበላው ፕሪዘርቬሽን ነው፣ በተለይ ፈንክሽን ሲጠራ። እዚያ ስትደርሱ የመተካት ለማ (ረዳት ቲዎረም) ያስፈልጋችኋል፦ በተለዋዋጭ ቦታ ተመሳሳይ ታይፕ ያለው ዋጋ ቢገባ የቃሉ ታይፕ አይለወጥም። የብዙዎች ስሕተት ለማውን «ኤክስ» ብቻ ላለበት አውድ (የተለዋዋጮችና የታይፖቻቸው ዝርዝር) መጻፍ ነው። ኢንዳክሽኑ ፈንክሽን ውስጥ ሲገባ አውዱ አዲስ ተለዋዋጭ ይጨምራል፤ መላምታችሁ ያን አይሸፍንም፣ ትቆማላችሁ። ስለዚህ ከጅምሩ ለማንኛውም አውድ ጻፉት።

የሚቀየር ሜሞሪ በኋላ ከጨመራችሁ የፕሪዘርቬሽን ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ይለወጣል፦ የእያንዳንዱን የሜሞሪ አድራሻ ታይፕ የሚመዘግብ ሠንጠረዥ ይገባበታል፤ ሠንጠረዡም ማደግ እንጂ የነበረውን መቀየር አይፈቀድለትም።

ማረጋገጫውን በአግዳ ወይም በሊን (ማረጋገጫን በኮምፒውተር በሚያጣሩ ቋንቋዎች) የምትጽፉ ከሆነ ተለዋዋጮችን በስም ፋንታ በዴ ብሩይን ቁጥር (በተለዋዋጩና እሱን ባስተዋወቀው ፈንክሽን መካከል ስንት ፈንክሽን እንዳለ የሚቆጥር) ወክሉ። ቃሉ ሌላ ፈንክሽን ውስጥ ሲገባ ቁጥሮቹን ማሸጋገር (ማስተካከል) መርሳት ግን የታወቀ ወጥመድ ነው።