ለጥንታዊ የእንግሊዝ የወርቅ ኪስ ሰዓት፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ምክር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ ተሠርተው በቁልፍ ለሚሞሉ፣ የወርቅ ሽፋናቸው በአበባና በቅጠል ቅርጽ ላጌጠ ሰዓቶች ነው።

ቁልፉ ምንም ሳይከብድ ይዞራል

ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰው የተጠቀለለ ሞላ ነው። ሞላው እየተፈታ ሲሄድ ጉልበቱ ይደክማል፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ ፊዩዚ የሚባል ሾጣጣ ክፍል ጨምረውበታል። ሞላው ብርቱ ሳለ ከእርሱ ወደ ፊዩዚው የሚሄደው ሰንሰለት ቀጭኑን ጫፍ፣ ሲደክም ወፍራሙን ይስባል፤ ጉልበቱም ይመጣጠናል። ሰንሰለቱ እንደ ብስክሌት ሰንሰለት የተቀጣጠለ ቢሆንም እጅግ ደቃቅ ነው። ቁልፉ ድንገት ከቀለለ ወይ ሰንሰለቱ ተበጥሷል ወይ ሞላው ተሰብሯል።

ወዲያውኑ ማዞር አቁሙ። የተበጠሰ ሰንሰለት በባለሙያ እጅ ይቀጠላል፣ ሞላም ይቀየራል። ውስጡን አውጥቼ በአዲስ ልተካው የሚላችሁን ግን በፍጹም እሺ አትበሉት፤ ያን ካደረጋችሁ የሚቀራችሁ ባዶ የወርቅ ሽፋን ነው።

ቁልፉ አልዞርም ይላል

ብዙዎቹ የሚሞሉት ወደ ግራ ነው። ውስጡን በሚሸፍነው የአቧራ መከላከያ ላይ ቀስት ካለ እርሱን ተከተሉ። ሞልቶ ሲያበቃም የሚያግድ ማቆሚያ አለው፤ ከዚያ ወዲያ በጉልበት መግፋት ሰንሰለቱን መበጠስ ነው።

በሚሞላበት ጊዜ ይቆማል

በአሮጌዎቹ ላይ ይህ ብልሽት አይደለም። እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ጆን ሃሪሰን የፈለሰፈው፣ በመሙላት ጊዜ ጉልበቱ እንዳይቋረጥ የሚያደርገው ዘዴ ስለሌላቸው ነው።

ይዘገያል፣ ወይም በድንገት ይፈጥናል

መዘግየት አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ዘይት ምልክት ነው፤ ሰዓቱ ተፈትቶ ይጸዳና አዲስ ዘይት ይደረግለታል። ድንገተኛ መፍጠን ከሆነ ማግኔትን ጠርጥሩ፤ የሰዓቱን ምት የሚቆጣጠረው ሌላው ቀጭን የብረት ሞላ ጥምጥሞቹ እርስ በርስ ሲጣበቁ ሰዓቱ ይሮጣል። ሰዓት ሠሪ ማግኔቱን በመሣሪያ ያጠፋዋል። ከስልክና ከድምፅ ማጉያ አርቃችሁ አስቀምጡት።

ጌጡ ደብዝዟል

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ መንስኤው እኛው ነንና። ወርቅ አይዝግም። በቅጠሎቹ መካከል የሚታየው ጥቁረት ላብና አቧራ ነው፣ እርሱን ለማስወገድ ግን ሰዎች ወደ ማወልወያ ቅባት ይሮጣሉ። እያንዳንዱ ውልወላ ከወርቁ ጥቂት ይወስዳል፤ የአበባው ጫፍ ይለሰልሳል፣ የቅጠሉ ጅማት ይጠፋል፣ በመጨረሻም ከፍ ብሎ የወጣው ቦታ ይበሳል።

ሰዓት ሠሪው ውስጡን ካወጣው በኋላ፣ ኤናሜል (እንደ መስታወት ያለ ባለቀለም ልባጥ) ከሌለበት፣ ባዶውን ሽፋን በለብታ ውሃ፣ በለስላሳ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡ፤ በደንብም አድርቁ። የተበሳው ቦታ በሠለጠነ ወርቅ አንጥረኛ ከውስጥ በኩል ይደፈናል። ከመስጠታችሁ በፊት ግን በሽፋኑ ላይ የተመቱትን ማኅተሞች ፎቶግራፍ አንሱ፦ ዘውድና 18 ቁጥር የወርቁን ደረጃ፣ የነብር ራስ ለንደንን፣ መልሕቅ በርሚንግሃምን ያመለክታሉ። አንጥረኛውም እነዚህን እንዳይነካ አስቀድማችሁ ንገሩት።