አረጋውያን ቤት ውስጥ ወድቀው ጭንቅላታቸውን እንዳይመቱ ምን እናድርግ?

አደጋ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዷ ሌሊት ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለችው አጭር መንገድ ናት። ከዚያ እንጀምር።

1. መንገዱን ክፈቱ። ትንንሽ ምንጣፎችና የኤክስቴንሽን ገመዶች ይነሱ። ነጠላ ጫማ ይቅርና ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይሁን። መሬት የሚጎተት ጋቢም ጠልፎ ይጥላል።

2. መብራት ሲጠፋ የምትበራ ባትሪ ትራስጌ ይኑር። የስልክ መብራት እስኪፈለግ ሰውዬው መንገድ ጀምሯል።

3. መታጠቢያ ቤት የብረት መያዣ ግጠሙ። ፎጣ መስቀያ መያዣ አይደለም፤ ሰው ሲደገፈው ተነቅሎ አብሮ ይወድቃል። በጎማ የሚለጠፈውንም አልወደውም፣ ሳይታሰብ ይለቃል። ቦታውን በሜትር አትምረጡ። እማማን ልብሳቸውን እንደለበሱ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ላይ አስቀምጧቸውና "እስኪ ይነሱ" በሏቸው። እጃቸው በራሱ የሚሄድበትን ቦታ በእርሳስ አመልክቱ።

ሴራሚኩን ስትበሱ የድሪሉን መዶሻ አጥፉት፣ አለዚያ ይሰነጠቃል። ምልክቱ ላይ ፕላስተር ከለጠፋችሁ ጫፉ አይንሸራተትም። ትልቁ ጣጣ ብሎኬቱ ነው። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ፊሸር (ቪቱ የሚገባበት ፕላስቲክ) ከቪቱ ጋር አብሮ ይዞራል። ያኔ አንዳንዱ ባለሙያ ቀዳዳውን በክብሪት እንጨት ወትፎ "አለቀ" ይላል። አትቀበሉት። ግድግዳውን አሳልፎ ይብሳና በወዲያኛው በኩል በቡሎን፣ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ይሰረው። ሲያልቅ የቤቱ ከባድ ሰው በሁለት እጁ ይጎትተው። ትንሽ ከተነቃነቀ ገና አልተሠራም።

4. አነሳስን አስለምዱ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ሲቆም ግፊቱ ሊወርድና ሊያዞረው ይችላል። አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እግሩን አንቀሳቅሶ፣ ቀስ ብሎ ይነሳ። ፈሳሽ ሳይጠጡ የሚጾሙ ይብስባቸዋል። የሚያዞራቸው ከሆነ ኪኒኑን ራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪሙ ተኝተውም ቆመውም ግፊታቸውን እንዲለካ ጠይቁ። ፖፖ አልጋ ሥር ማስቀመጥ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

5. ከወደቁስ? "ምንም አልሆንኩም ልጄ" ማለታቸው አይቀርም። በእድሜ አንጎል ስለሚኮማተር፣ ቀስ እያለ የሚፈስ ደም ከቀናት አልፎም ከሳምንታት በኋላ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። የማይለቅ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ያልተለመደ እንቅልፍ፣ ንግግር መዘባረቅ፣ ባንድ ጎን መድከም ካያችሁ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ግን ምልክት አትጠብቁ። የመድኃኒቶቻቸውን ፓኮ ይዛችሁ ወዲያው ሂዱ።