የሞት ቅጣት እንዲሻር ለፓርላማ አቤቱታ አጻጻፍ

አስቀድሞ ተቀባዩ ይለይ። ፕሬዚዳንቱ ሕግ አይሽሩም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 117 የሰጣቸው ሥልጣን የሞት ፍርድን ማጽደቅ ወይም አለማጽደቅ ነው፤ ስለዚህ ለእሳቸው የሚጻፈው ሌላ ደብዳቤ ነው፦ ያለውን ፍርድ እንዳያጸድቁ፣ ወደ ዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት እንዲለውጡ። ሕጉን የሚሽረው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። አቤቱታው ለአፈ ጉባኤው ይጻፍ፤ ግልባጩም ለሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ፣ ለፍትሕ ሚኒስቴርና ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ይደረግ። አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተረጋገጠ መብት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል ብሎ መጠየቅ ነው። የመብት አንቀጾችን ለማሻሻል በአንቀጽ 105 መሠረት የሁሉም ክልል ምክር ቤቶች ድምፅ፣ በተጨማሪም የሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ጥያቄው እዚያ ከገባ አይወጣም። ደግሞም አያስፈልግም። አንቀጽ 15 የሞት ቅጣትን ይፈቅዳል እንጂ አያዝም፤ አንቀጽ 28 ላይ የተጠቀሰውም ርዕሰ ብሔሩ ቅጣቱን የመለወጥ ሥልጣን ነው። ምክር ቤቱ በተራ አዋጅ ሊሽረው ይችላል። ዛምቢያ በ2022 እ.ኤ.አ. የወንጀል ሕጓን በማሻሻል፣ ዚምባብዌ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአዋጅ ሽረውታል። የዚምባብዌ ሕግ ግን በአስቸኳይ ጊዜ ቅጣቱን መልሶ የሚያመጣ ቀዳዳ አለው። "ያለ ምንም ልዩ ሁኔታ" የሚለው ሐረግ ከአቤቱታችሁ አይቅር፤ ሰው በብዛት የሚገደለው በዚያው በአስጨናቂው ጊዜ ነውና።

የሚሻሩት የወንጀል ሕጉ አንቀጾች በቁጥር ይጠቀሱ፦ ከ117 እስከ 120፣ ከባድ የሰው ግድያን የሚመለከተው 539፣ በሕገ መንግሥቱ ላይ የሚፈጸም ወንጀልን የሚመለከተው 238፣ እንዲሁም ሞትን በቅጣትነት የሚጠቅሱ ሌሎች ድንጋጌዎች ሁሉ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የሽብር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 1176/2012 ነው። የወንጀል ሕጉ ብቻ ቢሻሻል በዚህ አዋጅ የሞት ፍርድ መስጠት ይቀጥላል።

"ቅጣቱ ከወረቀት አልፎ አያውቅም" የሚል መልስ ይመጣል። በ1999 ዓ.ም. የደኅንነት ኃላፊውን ክንፈ ገብረ መድኅንን በመግደል የተፈረደበት መኮንን ተገድሏል። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የሃይማኖት መሪዎች ጠይቀው የ23 የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጧል። ሁለቱንም የወሰነው የአንድ ሰው ፊርማ ነው። ሕይወት በፊርማ ላይ ሊንጠለጠል አይገባውም።

የሟች ቤተሰብን ሐዘን ሳትነኩ አትለፉ። "ገዳይ ካልሞተ ደም አይደርቅም" የሚለውን ክርክር በአክብሮት መልሱ፤ በአገራችን ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ የኖሩት በካሣና በመሐላ፣ ሌላ ሰው ሳይገደል ነው። ዕድሜ ልክ እሥራት ወንጀለኛውን ከኅብረተሰቡ ይለያል፤ ፍርዱ ስህተት ሆኖ ከተገኘም በሩን መክፈት ይቻላል። የተገደለን ሰው ግን የሚመልስ ችሎት የለም። የአንድን እሥረኛ ጉዳይ እዚህ አታስገቡ፤ አንባቢው ስለ ሰውዬው ጥፋት መከራከር ይጀምርና ሕጉ ይረሳል።

ጽሑፉ ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ "ጉዳዩ፦" የሚለው መስመር ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይያዝ። የፊርማ ገጾች ሁሉ የአቤቱታውን ርዕስ ከአናታቸው ይያዙ፤ ባዶ ሉህ ላይ የተሰበሰበ ፊርማ ለምን እንደተፈረመ አይታወቅም። ስም፣ ከተማና ፊርማ ይበቃል። ለመዝገብ ቤት ሲሰጥ ቀሪው ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ይመታበት፤ ጉዳዩ የት እንደደረሰ የሚጠየቀው በዚያ ቁጥር ነው።