አሮጌ ብስክሌት ለሐረጎ ቁልቁለት ሲዘጋጅ

ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት አድርጎ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህች አጭር ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል። ስለዚህ ዕቃ ጭነው ለመጓዝ ካሰቡ፣ ከኮርቻና ከቦርሳ በፊት ገንዘቡ ፍሬን ላይ ይዋል።

ብስክሌቱን ገልብጠው ጎማዎቹን ያሽከርክሩ። ቸርኬው የሚወዛወዝ ከሆነ ራጂዎቹን (ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዙትን ቀጫጭን ዘንጎች) ሁለት ሁለቱን በጣት እየጨመቁ የላላውን ይፈልጉ። ጎማ መቀየር ካስፈለገ «28» በሚለው ጽሑፍ ብቻ አይግዙ። ጎኑ ላይ ያለውን የሚሊ ሜትር ቁጥር ያንብቡ፤ 622ም 635ም «28» ይባላሉ፣ ግን አንዱ ለሌላው ቸርኬ አይሆንም።

አሁን ወደ ፍሬኑ። መጀመሪያ ሽቦውን ከእጀታው ያውጡ። የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ሥር፣ ከዓይን ተደብቆ ነው፤ አንድ ክር እንኳ ከተቆረጠ ይጣል። የአዲሱን ሽቦ ሽፋን ጫፍ በሞረድ ያስተካክሉ፤ ጫፉ ሸራፋ ከሆነ ፍሬኑ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል።

ቀጥሎ የፍሬን ጎማዎቹ። ፊታቸው ላይ የተሰኩ የብረት ፍርፋሪዎችን በመርፌ ነቅለው በሸካራ ወረቀት ይሹ፤ ካልተነቀሉ ቸርኬውን ይፍቁታል። ሲያስሩ የፍሬን ጎማው ሙሉ በሙሉ ቸርኬው ላይ ይረፍ። ወደ ላይ ካለፈ የጎማውን ጎን ይቆርጣል፣ ወደ ታች ከወረደ ከቸርኬው ሊያመልጥ ይችላል። ከኋላ ጫፉ ሥር 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን ያስገቡ፣ ሌላ ሰው እጀታውን ጨምቆ ይያዝ፣ ብሎኑን ያጥብቁና ካርቶኑን ያውጡ። የፊት ጫፉ ቀድሞ ሲነካ ጩኸቱ ይቀንሳል። በመጨረሻ በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ።

ቸርኬው ክሮም የተቀባ ብረት ከሆነ በክረምት ዝናብ ፍሬኑ አይዝም ቢባል ማጋነን አይደለም። የአሉሚኒየም ቸርኬ ከተገኘ ይቀየር፤ ካልተገኘ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠለሉ። በደረቁም ቢሆን ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ይዞ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፣ ካላማዳሪያውም ሊፈነዳ ይችላል። ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ የፊቱንና የኋላውን ማፈራረቅ፣ መሃል ላይ ቆሞ ማቀዝቀዝ ይሻላል።

ካቴናውን በማስመሪያ ይለኩ። የ24 ዘለላ ርዝመት አዲስ ሲሆን 305 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 306.5 ከደረሰ ይቀየር፤ 308 እስኪሆን ከቆዩ የኋላ ጥርሶቹም ስለሚበሉ አዲሱ ካቴና ዳገት ላይ ይዘላል። በነጭ ጋዝ አጥበው ሲደርቅ ዘይት ይቀቡት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በነፃ ይገኛል፣ ግን በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ካቴናውን ይፈጨዋል።

በሁለቱ ጎማዎች መሃል ያሉትን ኩሽኔታዎች ፈትተው ያጥቡ፣ በአዲስ ግራሶ ይሙሉ። በአብዛኞቹ አሮጌ ብስክሌቶች ከፊት በየጎኑ 10 ባለ 3/16 ኢንች፣ ከኋላ 9 ባለ 1/4 ኢንች ኳሶች አሉ፤ ጨርቅ አንጥፈው ይፍቱ።

ከኋላ ከ15 ኪሎ በላይ አይጫኑ፤ ከባዱ ዕቃ ከታች ይሁን። የመጫኛውን ብሎኖች በሮንዴላ ያጥብቁ። መለዋወጫ ሽቦ፣ ሦስት ራጂ፣ ማስቲሽና መንፊያ ይያዙ።

ለሙከራ ጭነው ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ ደርሰው ይመለሱ። አዲስ ሽቦ መጀመሪያ ላይ ስለሚላላ እንደገና ይወጥሩት፤ የመጫኛውን ብሎኖችም ያኔ ደግመው ያጥብቁ።