ህመሙ ሳይነሳ በፊት የክፉ ቀን ወረቀት እንዴት እንደሚዘጋጅ

የአእምሮ ህመም ሲነሳ ቤት ውስጥ ሁሉም በአንዴ ያወራል፣ አንዱ ጸበል ይላል አንዱ አማኑኤል ሆስፒታል ይላል አንዱ ፖሊስ ጥሩ ይላል፣ ታማሚው ምን እንደሚፈልግ ግን ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ ሲያመው ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ደህና በሆነበት ሰሞን ራሱ ይጻፈው፣ የክፉ ቀን ወረቀት የምለው ይሄን ነው። ወንድሜ ባይፖላር (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚግልበት አንዴ የሚወድቅበት የአእምሮ ህመም) አለበት፣ እኛ ቤት እንዲህ ነው የሰራነው።

1. መጀመሪያ ሲያመው የሚቀርበውን ሰው ይምረጥ። የሚፈራውን ሳይሆን የሚያምነውን። ወንድሜ ታላቃችንን ትቶ አክስታችንን መረጠ፣ ቅር ያለው ሰው ነበር ግን ሲያመው ቃሏን የሚሰማው የእሷን ብቻ ነው።

2. ምልክቶቹን ይጻፍ። ከባዱ ይሄ ነው። "የባህርይ ለውጥ" ምናምን ብላችሁ አትለፉት፣ ማንንም አይረዳም። ወንድሜ የጻፈው "2 ሌሊት ሳልተኛ አድሬ ካልደከመኝ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ሰው ጋ ከደወልኩ፣ ለማላውቀው ሰው ብር መስጠት ከጀመርኩ" ይላል።

ደግሞ ያን ሰዓት "አላመመኝም" ይላል፣ ከልቡ ነው የሚለው፣ እየዋሸ አይደለም። ያኔ ምን እንድትሉት እንደሚፈልግ አሁን ይወስን። የወንድሜ ወረቀት ላይ "አትከራከሩኝ፣ ሰው አትሰብስቡብኝ፣ አክስቴ ብቻዋን መጥታ ይሄን ታሳየኝ፣ የባንክ ካርዴንም ትያዝልኝ" የሚል አለ፣ ፈርሞበታል። ሁሌ ወዲያው እሺ ይላል ማለት አይደለም፣ ግን የራሱን የእጅ ጽሁፍ ሲያይ ቢያንስ ቁጭ ብሎ ያነበዋል፣ እኛ ስንጮህበት እኮ ቁጭም አይልም ነበር።

3. መድኃኒት። ስሙና ሚሊግራሙ ከነፎቶው፣ ያልተስማማውም ጭምር። ሃሎፔሪዶል የሚባለው የአእምሮ ህመም መድኃኒት ሲሰጠው አንገቱ የሚጠመዘዝ፣ ዓይኑ ወደ ላይ የሚሰቀል ሰው አለ፣ ካልተጻፈ ተረኛው ሐኪም ከየት ያውቃል? ሊቲየም (ስሜትን የሚያረጋጋ መድኃኒት) የሚወስድ ከሆነ ጎላ ተደርጎ ይጻፍ፣ ለራስ ምታት ተብሎ አይቡፕሮፌን ቢሰጠው ሊቲየሙ ደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ሊከማች ይችላል።

4. የት ሆስፒታል፣ የካርድ ቁጥሩ፣ በማን መኪና። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ጸበል መሄድ ከፈለገም ይጻፍ፣ ግን መድኃኒቱን ይዞ፣ መድኃኒት አቋርጡ የሚሉበት ቦታ ከሆነ እንዳይወስዱት። በገመድ ማሰርን ደግሞ በግልጽ ይከልክል፣ ሰው የሚታሰረው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ሲደነግጥና ሌላ ያሰበው ነገር ሲያጣ ነውና በገመዱ ቦታ ምን እንደሚደረግ አብሮ ይጻፍ፣ ለምሳሌ ማን አብሮት እንደሚያድር።

ራሴን አጠፋለሁ ካለ ወረቀት ፍለጋ የለም፣ ብቻውን አትተዉት፣ መድኃኒቱንና ስለታም ነገር አርቁና በቀጥታ ሆስፒታል።

5. ሐኪሙ አይቶት ኮፒው ካርዱ ውስጥ ይግባ፣ አንዱ አክስት ጋ፣ ፎቶው ስልክ ላይ። ህመሙ ተነስቶ ካለፈ በኋላ ረጋ ሲል የቱ እንደጠቀመው የቱ እንዳስከፋው ጠይቁትና አስተካክሉ፣ ቀን ይጻፍበት፣ የድሮውንም ቅደዱት፣ ሁለቱ እንዳይምታቱ።