የዠርሚኒ-ዴ-ፕሬ ቤተ ክርስቲያን የሕንፃ ታሪክ ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ዠርሚኒ-ዴ-ፕሬ በፈረንሳይ ከኦርሌያን ከተማ በስተምሥራቅ፣ በሏር ወንዝ አቅራቢያ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። ቤተ ክርስቲያኗ በአገሪቱ ካሉት እጅግ ጥንታውያን መካከል ስለምትቆጠር ብዙ ተጽፎላታል፤ በዚያው ልክ እየተቀባበሉ የሚደጋገሙ ስህተቶችም አሉ።

ከሁሉ የከፋው ሕንፃውን እንዳለ የ9ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ አድርጎ ማቅረብ ነው። የኦርሌያን ጳጳስ የነበረው ቴዎዱልፍ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው በዚያ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ መሆኑ እውነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰውም እ.ኤ.አ. 806 ነው። ይሁን እንጂ አርክቴክቱ ዡስት ሊሽ ከ1867 እስከ 1876 ባካሄደው እድሳት አብዛኛው ግድግዳ ፈርሶ እንደገና ተገንብቷል፤ በምሥራቁ መቅደስ ግራና ቀኝ የነበሩት ሁለት ትንንሽ ግማሽ ክብ ክፍሎችም ያኔ ጠፍተዋል። ከጥንቱ ሥራ በዋናነት የተረፈው የምሥራቁ መቅደስ ከነሞዛይኩ (ከትንንሽ ባለቀለም ጠጠሮች ከተገጣጠመው ሥዕል ጋር) ስለሆነ፣ ዛሬ ከሚታየው ድንጋይ ተነሥቶ ስለ ቴዎዱልፍ ግንበኞች የእጅ ጥበብ መፍረድ አይቻልም።

ይህን ያወቁ አንዳንዶች ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደው ሕንፃውን «ሐሰተኛ» ይሉታል። ይህም ፍርደ ገምድልነት ነው። አራት ዓምዶች የተሸከሙት ማእከላዊ ማማ፣ በዙሪያው ያለው አራት ማዕዘን እና በሦስት አቅጣጫ በግማሽ ክብ ወደ ውጭ የሚወጡት ክፍሎች የጥንቱን ንድፍ ዛሬም በግልጽ ያስነብባሉ።

ሦስተኛው ስህተት ቤተ ክርስቲያኑ ከመጀመሪያው ለመንደሩ ሕዝብ እንደታነጸ መገመት ነው። ሕንፃው የቴዎዱልፍ መኖሪያ ግቢ የጸሎት ቤት ነበር፤ ጥቂት ሰዎች በመሀሉ ቆመው እንዲጸልዩበት ተብሎ በመታነጹም ረጅም አዳራሽ አላስፈለገውም። በኋላ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ግን ምእመናኑን ለማስተናገድ የምዕራቡ ግማሽ ክብ ፈርሶ በቦታው ረጅም አዳራሽ ተቀጠለ፤ የዛሬው አዳራሽም ራሱ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ግንባታ ነው። ይህ የአገልግሎት ለውጥ ካልተነገረ የሕንፃው ቅርጽ ትርጉም ያጣል።

ሕንፃውን የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ በዛሬዋ ጀርመን በአኸን ከተማ ያሠራው ጸሎት ቤት ቅጂ ነው ማለትም የተለመደ ነው። ንጽጽሩ ከመካከለኛው ዘመን ጽሑፍ የመጣ ቢሆንም የአኸኑ መሀል ስምንት ማዕዘን፣ የዠርሚኒው አራት ማዕዘን ነው። በተመሳሳይ መንገድ፣ የፈረስ ኮቴ የሚመስሉትን ቅስቶች ቴዎዱልፍ ስፔንን ይገዙ ከነበሩት ከቪዚጎቶች ወገን በመሆኑ ብቻ የስፔን ሥራ ማለት ችኮላ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ቅስት በጥንታዊ ሶርያና አናቶሊያም ይታወቃል።

ስለ ሞዛይኩ ሲጻፍ የሚፈጸመው ስህተት ይበልጥ ያሳስበኛል። በመቅደሱ ጣሪያ ላይ የሚታየው የቃል ኪዳኑ ታቦት ነው፤ በላዩ ሁለት ትንንሽ ኪሩቤል፣ በግራና በቀኙ ሁለት ታላላቅ መላእክት፣ ከመካከላቸውም የእግዚአብሔር እጅ ተሥሏል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሥዕሉ ወዲያው አክሱም ጽዮንን ቢያስታውሰንም፣ ከዚያ ጋር የሚያገናኘው ማስረጃ የለም። መነሻው በፍራንኮች ቤተ መንግሥት ስለ ቅዱሳት ሥዕላት የተነሣው ክርክር ነው። የ787ቱ የኒቅያ ጉባኤ የሥዕላትን ክብር ሲያጸና በሻርለማኝ ስም ሰፊ የተቃውሞ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል፤ አብዛኞቹ ተመራማሪዎችም ጸሐፊው ቴዎዱልፍ ነው ይላሉ። በዚያ ሙግት ታቦቱ እግዚአብሔር ራሱ አዝዞ ያሠራው በመሆኑ ከሰው እጅ ሥዕል ተለይቶ ይከበራል፤ ስለዚህ በመቅደሱ ላይ በክርስቶስ ሥዕል ፈንታ ታቦቱ መቀመጡ የታሰበበት ምርጫ ይመስላል። ሆኖም ሞዛይኩ ከልስን ሥር ወጥቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለታደሰ፣ በአንዲት ጣት አቀማመጥ ወይም በአንድ ቀለም ላይ ብቻ የተመሠረተ ትርጓሜ ከመጻፉ በፊት ያ ክፍል ጥንታዊ መሆን አለመሆኑ ከእድሳቱ መዛግብት ጋር መመሳከር አለበት።